ለፕላስቲኩ ሰውዬ እጅ ስቀጥልለት

ወገን፣ ይሄን የሚጽፍላችሁ ሰው ዛሬ ጠዋት ሽማግሌ ፊት ቀርቦ የተፈረደበት ሰው ነው።

በድንበር አይደለም። በውርስ አይደለም። በትዳርም አይደለም።

በአሻንጉሊት ነው!

አሥራ አምስት ሳንቲም ቁመት ያለው፣ የጠፈር ልብስ የለበሰ፣ ስሙን እንኳ የማላውቀው የፕላስቲክ ሰውዬ። ቁመቱን በምን አወቅክ አትበሉኝ፤ በሜትሮ ለክቼዋለሁ። የሰው ስም ሳይጠይቅ ቁመቱን የሚለካ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ አሁን ታያላችሁ።

ለአዲስ ገቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። ተካልኝ እባላለሁ፤ ቀራንዮ አካባቢ ሶፋና ቁም ሳጥን እሠራለሁ። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ፣ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ እያነበብኩ፣ የተሰበረ ወንበር እየፈታሁ ነው የተማርኩት። በዚህ ገጽ ላይ ደግሞ ዕቃ እገመግማለሁ። ፍራሽ፣ ካውያ፣ የተማሪ ቦርሳ፣ የውሃ ጀሪካን። ሳላገላብጥ፣ ሳልጎትት፣ ሳልጥል አላወራም። እናንተም "ጋሽ ተካልኝ ካለ አለቀ" እያላችሁ አበላሻችሁኝ።

ትንሽ እናንተም አላችሁበት ማለቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤቴ ዘይነባ ጦር ኃይሎች የልጆች ዕቃ መሸጫ ሱቅ አላት። አጥራችን አንድ ነው፤ በአጥሩ መሃል ባለችው ትንሽ በር አሥራ አራት ዓመት ጨውና መሰላል ስንዋዋስ ኖረናል። አሁን ትምህርት ሊዘጋ ነው፤ "ደረጃ ካወጣሽ እገዛልሻለሁ" ያለ ወላጅ ሁሉ ቃሉን የሚፈጽምበት ሰሞን ነው። ዘይነባም ለዚህ ብላ አዲስ ዕቃ አስገባች። ስድስት አሻንጉሊት በአንድ ካርቶን። ልጆች ሁሉ ያበዱለት የአንድ የጠፈር ፊልም ሰዎች ናቸው። ሰዎች ካልናቸው።

ማክሰኞ ዕለት አንዱን ካርቶን በቢጫ ፌስታል አድርጋ አመጣችልኝ። እንደ ወትሮህ ፈትሽና የመሰለህን ተናገር፣ መጥፎ ከሆነም መጥፎ ነው በል አለችኝ።

ከዚህ የበለጠ ቀና ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ይሄን ያወቅኩት ግን ዘግይቼ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ላይቭ ገባሁ።

ስልኩን የምትይዝልኝ ልጄ ሜሮን ናት። አሥር ዓመቷ ነው። የቤቴን ሕግ ታውቃላችሁ፤ ስንት ጊዜ ጽፌበታለሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ሼር አድርጋችሁታል። ትልቅ ሰው ሲናገር ልጅ አይናገርም። እኔ እንዲህ ነው ያደግኩት። ሰው ሆኛለሁ ወይስ አልሆንኩም?

አትመልሱ።

ግምገማው ሲጀመር ማለፊያ ነበር። ካፒቴኗ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ቀለሟ ከመስመር አልወጣም። ሦስት ዓይን ያለው አረንጓዴ ፍጡር አንገቱ በደንብ ይዞራል፤ ጉልበቱ ግን ልል ነው። ሮቦቱን ከጠረጴዛ ላይ ሁለቴ ጣልኩት፤ ጭረት እንኳ አልወጣበትም። መንትዮቹ አብራሪዎች ጭንቅላታቸው ይነቀላል፤ አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ስለሆነ ለትንንሽ ልጆች እንዳትሰጡ ብዬ አስጠነቀቅኩ። ግምገማዬ እስካሁን እንከን አለው? የለውም።

ስድስተኛው ላይ ስደርስ ደነገጥኩ።

ሰውዬው ግራ እጅ የለውም!

ከትከሻው ላይ ልሙጥ ነው። ካርቶኑን ፈተሽኩ። ፌስታሉን አራገፍኩ። ጠረጴዛ ሥር ገብቼ በአራት እግሬ ፈለግኩ። የለም። ከተመልካቾች አንዱ "ጋሼ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕልም አንድ እጅ ነው" ብሎ ጻፈልኝ። አየሁት። እውነትም አንድ እጅ ብቻ ነው የሚታየው።

"ሌላኛው እጁ ከጀርባው ነው" አልኩ። "ቆፍጣና ሰው ሲቆም እንዲህ ነው።"

እንግዲህ በዚህ ድፍረት ነው ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ የደረሰው።

ከዚያ ስብከቱ ተከተለ። ሦስት እግር ያለው ወንበር ቢሸጥላችሁ ትቀበላላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ዛሬ ጎደሎ አሻንጉሊት የተቀበለ ልጅ ነገ ጎደሎ ሥራ ሠርቶ ያስረክባል አልኩ። ነጋዴ ሆይ፣ አውቀህ ካታለልክ ፈጣሪህን ፍራ አልኩ። የዘይነባን ስም ግን አልጠራሁም። ጨዋ ነኛ።

ቢጫው ፌስታል ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከጦር ኃይሎች እስከ ቤቴል ያንን ፌስታል የማታውቅ እናት የለችም።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር።

አላቆምኩም። ችግር ተናግሮ መፍትሔ የማያሳይ ሰው አልወድም ብዬ፣ ከዋንዛ ቁራጭ እጅ ጠረብኩለት። እዚያው ላይቭ ላይ! ጣቶቹን በሞረድ አወጣሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ በኮላ አጣበቅኩ፣ ቫርኒሽ ቀባሁ። ራሴን ማመስገን አልወድም እንጂ ክርኑ ልክ የሰው ክርን ነበር።

"አሁን ሙሉ ሰው ሆነ" አልኩና ላይቩን ዘጋሁ። በደንብ ተኛሁ።

ዓርብ ጠዋት ስልኬን ስከፍት ኮሜንቱ ተደርድሯል። ግማሹ የሳቅ ምልክት ነው። ግማሹ ደግሞ ሰውዬው በፊልሙም አንድ እጅ ብቻ እንዳለው የሚያስረዳ ነው። እነዚህን በትዕግሥት እየመለስኩ ሳለ አንዷ የጻፈችው ዓይኔን ያዘው። "ልጅህን ብትሰማት ምን ነበረበት" ይላል።

የቷን ልጅ?

ቪዲዮውን ከፍቼ ሰማሁት። ስልኩን የያዘችው ሜሮን ስለሆነች፣ ከእኔም ከሞረዱም አጥርቶ የሚሰማው የእሷ ድምፅ ነው።

"አባ፣ እሱ እኮ ድሮም እጅ የለውም።" እኔ፦ "ትልቅ ሰው እያወራ ነው።"

"አባ፣ ፊልሙ ላይ..." እኔ፦ "ሜሮን!"

ሦስተኛው ዋንዛውን ስጠርብ ነው። "አባ፣ ተው፣ አትቀጥልለት።" እኔ፣ ዓይኔን ከሞረዱ ሳላነሳ፦ "ስልኩን አስተካክለሽ ያዢ።"

ሦስቱንም ጊዜ መልስ ሰጥቻታለሁ። አንዱንም ጊዜ አልሰማኋትም። ይሄ እንዴት ይሆናል? እኔም አላውቅም። ግን ሆኗል፤ ቪዲዮው አለ፤ አይታችሁታል።

እስከ ቀትር ድረስ አራት እናቶች የገዙትን ካርቶን ለዘይነባ መልሰውላታል። ከእነሱ አንዷ ሱቁ ሰው በሞላበት ሰዓት "ጎደሎ ዕቃ ለልጅ ይሸጣል?" ብላ ጮኻባታለች። ይሄን የነገረኝ ከሱቋ አጠገብ ጫማ የሚሸጠው ሰው ነው። እሷ አልነገረችኝም። ማታ ከሱቋ ስትመለስ ጠብቄ ወደ ትንሿ በራችን ሄድኩ። ከእሷ በኩል ተቀርቅራለች። አንኳኳሁ።

"ምን ፈልገው ነው?" አለችኝ።

ፈልገው!

አሥራ አራት ዓመት "አንተ" ስትለኝ የኖረች ሴት ናት። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት በበሩ ስንጥቅ አቋረጠችኝ። "ዕቃው መጥፎ ከሆነ መጥፎ ነው ይበሉ ብዬ ያመጣሁት እኔው ነኝ። አታላይ ናት ይበሉልኝ ግን አላልኩም" አለች። ከዚያ የእግሯ ኮቴ ራቀ።

ሰው ሁሉ እሷ ሱቅ የሚገባው የማይረባ ዕቃ አታመጣም ብሎ ነው። ሌላ ማስታወቂያ የላትም። ስሟ ብቻ ነው ያላት። እኔ ያንን ስም በገዛ ጠረጴዛዬ ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ በሞረድ ሞረድኩት።

ስለዚህ ማናችንም የምናደርገውን አደረግኩ። ሽማግሌ ላክሁ።

የላክኋቸው የእድራችን ሰብሳቢ አባባ ወልዴና የሰፈራችን ሐጂ ሰማን ናቸው። ሁለቱም ስንት ትዳር የታደጉ፣ ስንት የአጥር ጠብ ያበረዱ ሰዎች ናቸው። አባባ ወልዴ ጉዳዩን በስልክ ስነግራቸው እንደገና አስደገሙኝ። ከዚያ "የተጎዳው ሰው ነው ወይስ አሻንጉሊቱ?" ብለው ጠየቁኝ።

ሁለቱም ናቸው አልኳቸው።

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እኔ ቤት ተሰበሰብን። ዘይነባ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ልትነሳ እንደተዘጋጀች ሰው። ስድስቱ አሻንጉሊቶች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። አባባ ወልዴ እንደ ደንቡ በምርቃት ጀመሩ። ዓይናቸው ሦስት ዓይን ባለው ፍጡር ላይ ሲያርፍ ምርቃቱ ትንሽ ተደናቀፈ፤ ግን ጨረሱት።

ሐጂ ሰማን ሰውዬውን አንስተው የዋንዛውን እጅ ዳሰሱ። "ሥራው ግን የባለሙያ ነው" አሉ።

ዘይነባ ዞር ብላ አየቻቸው።

"በደል መሆኑ እንደተጠበቀ ሆኖ" ብለው አስተካከሉ።

ነገር ከሥሩ ይጣራል አይደል? ሰውዬው እጁ የወደቀው ካርቶኑ ውስጥ ነው ወይስ ከድሮውም የለውም? ይሄ ካልታወቀ ፍርድ የለም። አባባ ወልዴ ፊልሙን ያየ ማን እንደሆነ ጠየቁ። እኔ አላየሁም። ዘይነባም አላየችም፤ የምትሸጠውን ሁሉ ለማየት ጊዜ ከየት ታመጣለች። ሐጂም አባባም አላዩም። አራት ትልልቅ ሰዎች ስለማናውቀው ነገር ልንፈርድ ተቀምጠናል።

"እኔ አይቼዋለሁ" የሚል ድምፅ መጣ።

ሜሮን ናት። ሻይ ይዛ ገብታ ቆማለች። ዓይኔ በራሱ ጊዜ ፈጠጠባት። ያንን አፈጣጠጥ እዚህ አገር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ወደ በሩ መለስ አለች።

"ተዋት" አሉ ሐጂ ሰማን። "ምስክር ናት። ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ።"

ቁጭ ብላ አወራች። ረጅም ጊዜ። የጠፈር መርከቢቱ አገራቸው ለደረቀባቸው ሰዎች ዘር ጭና ትሄዳለች። ሰውዬው የመርከቢቱ መካኒክ ነው። እጁን ያጣው ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ነው። ካፒቴኗ የብረት እጅ ልታሠራለት ትፈልጋለች፤ እሱ ግን የብረቱ እጅ ኃይል ይበላል፣ ኃይሉ መርከቢቱ ውስጥ ያሉት ሕፃናት የሚተኙበት ክፍል ይሙቅበት ይላል።

"ስለዚህ እጅ ሲሰጡት እምቢ አለ" አለች ሜሮን።

አባባ ወልዴ ወደ እሷ ጠጋ አሉ።

"ራሱ ነው አልፈልግም ያለው?" አሉ አባባ ወልዴ።

"አዎ። ሁለት ጊዜ።"

አባባ ወልዴ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። "አልፈልግም ላለ ሰው ነው በግድ የቀጠልክለት?"

ካፒቴን ለምና ያልተሳካላትን እኔ በኮላ ጨረስኩት። ዘይነባ አፏን በሻርፗ ጫፍ ያዘች። ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር አላወቅኩም፤ ወዲያው ፊቷ ተመለሰ።

ሽማግሎቹ ፊልሙን ወደዱት። ሐጂ ሰማን መርከቢቱ ነዳጅ የምትሞላው የት እንደሆነ ጠየቁ። አባባ ወልዴ ካፒቴኗ አግብታ እንደሆነ ማወቅ ፈለጉ። ሦስት ዓይን ያለው ከመንትዮቹ ጋር ተጣልቶ ፊልሙ እስኪያልቅ አለመታረቁ በጣም ከነከናቸው፤ የሚያስታርቅ ትልቅ ሰው አልነበረም ወይ አሉ። ሜሮን ጠፈር ላይ ሽማግሌ የለም አለቻቸው።

"እኮ፣ ለዚያ ነው" አሉ አባባ ወልዴ።

ከዚያ ሐጂ ሰማን ብርጭቆአቸውን አስቀመጡና ጎንበስ አሉ። "ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ለአባትሽ ነግረሽው ነበር?"

ሜሮን ትሪው ላይ አፈጠጠች።

"ቀስ ብዬ ስለተናገርኩ ይሆናል ያልሰማኝ" አለች።

ውሸቷን ነው። በዚህ ገጽ ላይ ስለ ውሸት ስንት ጊዜ እንደጻፍኩ ታውቃላችሁ። ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔ እያየ ዋሸች፤ የዋሸችውም እኔን ለማዳን ነው። ሽማግሎቹ ደግሞ ቪዲዮውን አላዩትም። ዝም ብል ያልፋል።

ያልፋል፣ ገባችሁ? አንዲት ቃል አልናገርም፤ እኔ ትንሽ ጆሮዬ የደከመ ሰው ሆኜ እቀራለሁ፤ እሷ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ ቀስ ብላ ትናገራለች።

"ነግራኛለች" አልኩ። "ሦስት ጊዜ። አጥርታ ነው የነገረችኝ። ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ።"

ዘይነባ ከሶፋው ጫፍ ላይ ቀና አለች። "ሦስት ጊዜ ነግራህ ነው የኔን ስም ያጠፋኸው?"

"አዎ።"

"አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ?"

ከትናንት ጀምሮ የሰማሁት ደግ ቃል ይሄ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? ተነስቼ ጉልበቷን ልይዝ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዛ አስቆመችኝ። ይቅር አላለችኝም። ቁጭ በል ነው ያለችኝ።

ሁለቱ ሽማግሎች ውጭ ወጥተው ተመካከሩ። ሲመለሱ ፍርዱን የተናገሩት አባባ ወልዴ ናቸው። ድሮ ቢሆን ድንጋይ ተሸክመህ ደጇ ላይ ትቆም ነበር አሉ። "አሁን ግን ስልክ ተሸከም።"

ማለትም ዛሬውኑ፣ ዘይነባ ሱቅ ውስጥ፣ ላይቭ እንገባለን። የምትገመግመው ሜሮን ናት። እኔ ስልክ እይዛለሁ። እሷ እስክትጨርስ ትንፍሽ አልልም።

ቀኑን ሙሉ ሶፋ ጫን ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ ሜሮን በርጩማ ላይ ቆማ ጀመረች። ሱቁ በእናቶች ተሞልቷል። ሐጂ ሰማን ፍርዱ መፈጸሙን ሊያዩ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ልጅቷ ማንንም አልማረችም! የመንትዮቹ ጭንቅላት መነቀሉን ደገመች፤ እዚህ ላይ አባቴ ልክ ነው አለች፤ ደረቴ ተነፋ። ከዚያ ሮቦቱን የውሃ ሳህን ውስጥ ነከረችው። ብርማው ቀለም ለቀቀ። "አባቴ በውሃ አልሞከረውም" አለች።

አልሞከርኩማ! ሶፋ ውሃ ውስጥ ይነከራል?

መካኒኩ ጋ ስትደርስ ሁለት አሻንጉሊት ጎን ለጎን አቆመች፤ ከአዲስ ካርቶን የወጣውንና የእኔን። "ይሄ እጅ ከካርቶኑ ጋር አልመጣም። አባቴ የሠራው ነው። ኮላው ጠንካራ ስለሆነ አይነቀልም፣ ሞክሬያለሁ። አባቴ ሶፋ ጎበዝ ነው፤ ፊልሙን ግን አላየውም። እትዬ ዘይነባ የሸጠችው ዕቃ እጅ አልጎደለውም።"

ይሄን ስትል እጄ ላይ ያለው ስልክ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። አንድ ነገር ልጨምር አፌን ከፈትኩ። ሐጂ ሰማን አሳሉ። ዘጋሁ።

ከእናቶቹ አንዷ "አባትሽ ለምን አይናገርም?" ብላ ጠየቀች።

"ተራው አይደለም" አለች ሜሮን፣ ሳትስቅ።

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ዘይነባም ሳቀች፤ በዚህኛው ሻርፗን አልተጠቀመችም።

ካርቶን ከመለሱት አራት እናቶች ሦስቱ ተመልሰው ወስደዋል። ዓርብ ዕለት የጮኸችባት ሴት ዛሬም በዚያው ድምፅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አጥፍቻለሁ አለች። አራተኛዋ አልመጣችም። ሰኞ ቤቷ ድረስ ሄጄ እነግራታለሁ። ቤቷን ካልነገራችሁኝም እፈልገዋለሁ።

ስለ ሕጌ ደግሞ ትጠይቁኛላችሁ። አልሰረዝኩትም፤ እንዲህ በቀላሉ የምሰበር ሰው አልምሰላችሁ የሚል ግትርነት አሁንም ውስጤ አለ። ግን አሻሽዬዋለሁ። ልጅ የሚያውቀውን ነገር ትልቅ ሰው የማያውቀው ከሆነ፣ ዝም የሚለው ትልቁ ነው። ይሄን ለመጻፍ ምን ያህል እንዳቃጠለኝ ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ነው የጻፍኩት።

ከሰዓት ሱቁ ጋብ ሲል ዘይነባ በባትሪ የምትሄድ አዲስ መኪና ከመደርደሪያ አወረደች። እጄን ዘረጋሁ። በእጄ ሥር አሳልፋ ለሜሮን ሰጠቻት። ፈትሺና የመሰለሽን ተናገሪ አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"አንተ ስልክ ያዝ" አለች። "ግን እንደዛሬው አታንቀጥቅጠው።"

እውነቷን ነው። የዛሬውን ቪዲዮ አሁን እያየሁት ነው። ከኮሜንቱ ሩቡ "መሬት እየተንቀጠቀጠ ነው ወይ?" የሚል ነው። ስለዚህ ምክር ሰጪያችሁ ሰውዬ ዛሬ ምክር ፈልጎ መጥቷል። ሃያ ዓመት መጋዝ የያዘ፣ ሚስማር ስቶ የማያውቅ እጅ፣ የገዛ ልጁ ስትናገር ስልክ ይዞ ቀጥ ማለት ለምን ያቅተዋል? የምታውቁ ጻፉልኝ።

ልጆቻችሁ የሚያውቁ ከሆነም እነሱ ይጻፉ። አነበዋለሁ።